ማክሰኞ ማታ ዜናው ምን አለ?

አቶ ነገ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። እጆቹ ጭኑ ላይ ናቸው፤ ራሱ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል። ላየው ሰው እንቅልፍ ያሸለበው ይመስላል። ረቡዕ ጠዋት ሻይ ይዛለት የወጣችው አከራዩም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰላት። ደጋግማ ጠራችው። ከዚያ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወረደችና ፖሊስ ጠራች። አላለቀሰችም። ኋላ ሲጠይቋት «ማልቀስ ትዝ አላለኝም» አለች።

«አቶ ነገ» ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መኪና ገጭቶት ለሳምንታት ራሱን ሳያውቅ ተኝቶ ነበር። ሲነቃ ግራ እጁ አልታዘዝ አለው፤ አፉ ግን ተፈቶ «እኔ የመጣሁት ከአርባ ዓመት በኋላ ካለው ዘመን ነው» አለ። ሐኪሞቹ ጭንቅላቱ ስለተመታ ነው አሉ። ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀበት፤ እየቆየ ጆሮውን ሰጠው። ማታ ማታ ጥቂት ሰዎች ፎቅ ላይ ባለችው ክፍሉ እየተሰበሰቡ፣ እሱ ይሆናል ያለውን ቴሌቪዥን ከሚያወራው ጋር ያስተያዩ ነበር።

መርማሪዋ ወደ ቤቱ ስትነዳ የመኪናዋ ሬዲዮ ዛሬ ንጋት ላይ በአንድ ሩቅ ከተማ የወንዝ ድልድይ መደርመሱን ያወራል። ዘጋችው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ብዙ ታሳልፋለች፣ መቅረት ያለበት ግን ይቀርላታል ለማለት ነው። ከሬሳ ጋር የዋለችባቸው ዓመታት ልቧን አደንዝዘውታል፤ አሁን የቀራት ማየትና መስማት ብቻ ነው።

አስከሬኑን የሚያየው ሐኪም የሟቹን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጎ አሳያት። በውስጠኛው ቆዳ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ነበሩ።

«ታፍኗል» አላት። «በአንድ እጁ ብዙም መታገል አይችል።»

«መቼ?»

«ትናንት ማታ። ዜና ሰዓት አካባቢ ብል ብዙ አልሳሳትም።»

ከሟቹ ጀርባ ያለውን ትንሽ ትራስ ሳብ አድርጋ ገለበጠችው። ወደ ወንበሩ በዞረው ፊቱ ላይ የደረቀ የምራቅ እድፍ አለ። ትራሱን የመለሰው ሰው ጥንቃቄ አልጎደለውም፤ ጠርዙን ሳይቀር አስተካክሏል።

ከዚያ ክፍሉን አየች። የሟቹ ወንበርና ሌላ አንድ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ጉልበት ለጉልበት እስኪነካካ ተጠጋግተው። ሟቹ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቷል። ቴሌቪዥኑ አቧራ እንዳይገባው በሚለብሰው ጨርቅ እንደተሸፈነ ነው። ጨርቁ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

አከራይዋን ወጥ ቤቷ ውስጥ አገኘቻት፤ ወፈር ያለች፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። ድንች እየላጠች ነበር።

«ትናንት እነማን ወጡ ወደሱ?»

«ማንም አይውጣ ብሎኝ ነበር፤ አሞኛል አለ። ግን ደረጃው በውጭ በኩል ነው፣ ግቢውም እስኪመሽ ክፍት ነው። ማን ወጣ ማን ወረደ እኔ በምን አውቃለሁ?» ቢላዋውን አስቀመጠች። «ልጄ፣ ይሄ ሰው እኮ እውነተኛ ነበር። ባለፈው ሳምንት ‹ማክሰኞ ማታ ዜናው የሚጀምረው በድልድይ መፍረስ ነው› አለ። ይኸው ፈረሰ!»

«የፈረሰው ዛሬ ንጋት ላይ ነው፣ እትዬ። ረቡዕ።»

«አንቺ ደግሞ! ከአርባ ዓመት ርቀት ሲያዩት ማክሰኞና ረቡዕ ይለያል?»

መርማሪዋ አልሳቀችም። «ሌላስ ምን ደረሰለት?»

«ውሃ ከተማ ያጥለቀልቃል አለ፤ በሳምንቱ የኛ ቧንቧ ፈነዳ። አንድ ትልቅ ሰው ከወንበሩ ይወርዳል አለ፤ የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ወረደ።»

«ማክሰኞ ማታ ዜናው ምን አለ?»

«እኔ እንጃ። ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ እንቅልፍ ጣለኝ። እህቴ አጠገቤ ነበረች፤ ማንኮራፋቴን ስታማ ነው ያደረችው፣ እሷን ጠይቂ።»

ከግቢው ማዶ ልብስ ሰፊዋ ትኖራለች። ዕድሜዋ የገፋ፣ ቀጭን ሴት ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ «እማማ» ይላታል። አንድ ልጇ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት ዕቃ ጭኖ እንደወጣ እሱም መኪናውም የት እንደገቡ አልታወቀም። አቶ ነገ ግን «በእኔ ዘመን አውቀዋለሁ፤ ሸብቷል፣ የልጆች አባት ሆኗል» ብሏት ነበር።

መርማሪዋ ስትገባ የልብስ ስፌት መኪናዋን አላቆመችም። አንድ ጠርዝ ጨርሳ ነው ቀና ያለችው።

«ሞቱን ሲነግሩኝ ምንም አልተሰማኝም» አለች በቀዝቃዛ ድምፅ። «እኔ እንግዲህ ደንዝዣለሁ፣ ልጄ። እሾህ ቢወጋኝም አይሰማኝ።»

«ማታ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ዜና እያየሁ።»

«ዜናው ምን አለ?»

«እሱ ያለውን ነዋ። በድልድዩ ጀመረ።»

«ማን ነበር የሚያነበው?»

«ያቺው ዘወትር የምታነበው ልጅ።»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች። ከኋላዋ የስፌት መኪናው ወዲያው መንኳኳት ጀመረ።

ፀጉር አስተካካዩ ጥግ ላይ ባለችው ሱቁ ውስጥ ብቻውን ቆሞ መስታወት ይወለውላል። ገና ወጣት ነው። አቶ ነገ ለእጮኛው «በእኔ ዘመን አንቺ የሌላ ሰው ሚስት ነሽ» ብሏት ቀለበቱን መልሳለት ሄዳለች።

«ጠልተኸው ነበር?» አለችው።

«ልቤ እስኪጠግብ። ትናንትም እጠላው ነበር፤ ዛሬ ሞተ ሲሉኝ ግን ጥላቻው ራሱ ጠፋኝ። ኪሴ ውስጥ ብፈልግ የለም።»

«ታዲያ ለምን ማታ ማታ እሱ ጋ ትሄድ ነበር?»

«አንድ ቀን ሲሳሳት ላየው ነዋ! ልደውልላትና ‹ይኸው ውሸታም ነው› ልላት። ግን ስህተት የሚባል አያውቅም። ዝናብ ይጥላል ካለ፣ የትም ይጣል፣ የሆነ ቦታ መጣሉ አይቀርም። ዓለም ሰፊ ናት፤ እሱ ደግሞ ቦታ አይጠራ።»

«ማክሰኞ ማታ ዜናው ምን አለ?»

«የነዳጅ ዋጋ ጨመረ አለ። እዚሁ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ፤ ሁለት የታክሲ ሾፌሮች ፀጉር ሲቆረጡ ነበር። አንደኛው ሲናደድ ራሱን ነቅንቆ ማጅራቱን ቆረጥኩት። ጠይቂው፣ ምልክቱ አለ።»

ጠየቀች። ምልክቱ ነበረ።

መጨረሻ የሄደችው ጡረታ የወጣ ዜና አንባቢ ቤት ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሬዲዮና በቴሌቪዥን አንብቧል፤ ሰፈሩ «ድምፁ» ይለዋል። ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀበላት።

«አቶ ነገ ወዳጄ ነበር» አላት። «አንድም ቀን ግን አላመንኩትም። ዜና የሚያነብ ሰው ትንቢት አያምንም፤ በየቀኑ የሆነ ቦታ ድልድይ ይፈርሳል፣ የሆነ ቦታ ሰው ይሾማል። የተናገርከው ደረሰ ለማለት ዜናውን እስክታገኝ መጠበቅ ብቻ ነው። እሱንም ብየዋለሁ።»

«ምን አለዎት?»

ድምፁ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሰኞ ዕለት መጣ። ‹ጋሼ፣ እኔም እየጠፋኝ ነው› አለኝ። ‹ሕልም ይሁን እውን ያኔ ያየሁት አላውቅም። የድልድዩንም ዝም ብዬ ነው የተናገርኩት። ግን አንድ ሰው ላይ በደል ሠርቻለሁ፣ ነገ እውነቱን ነግሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ› አለኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አበጀህ፣ ንገር አልኩት።»

«ማክሰኞ ማታ ዜናው ምን አለ?»

«መጀመሪያ የነዳጅ ዋጋ፣ ቀጥሎ የመምህራን ስብሰባ፣ ከዚያ ኳስ። ያነበበው አዲስ ልጅ ነው፤ ሴቲቱ ታማለች መሰለኝ። ትንፋሹን የት እንደሚስብ ገና አልገባውም፤ ‹ቤንዚን› ብሎ ቆመ፣ እኔም አብሬው ታፈንኩ።»

መርማሪዋ ከሰዓት በኋላ አራቱንም ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተወስዷል። ሁለቱን ወንበሮች እንደነበሩ ትታ ሰዎቹን በዙሪያ አስቀመጠቻቸው። አከራይዋ በሩ አጠገብ፣ ፀጉር አስተካካዩ መስኮቱ ጋ፣ ልብስ ሰፊዋና ድምፁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አንድ ፖሊስ ደረጃው ላይ ቆሟል።

«አቶ ነገ በራሱ ጊዜ አልሞተም» አለች። «በዚህ ትራስ ታፍኖ ነው። ያፈነው ሰው በጠላትነት አልመጣም፤ በሩ አልተሰበረም፣ ወንበርም ተሰጥቶታል።»

ወደተሸፈነው ቴሌቪዥን ጠቆመች።

«ትናንት የትንቢቱ ቀን ነበር። ትንቢት የተናገረ ሰው ደረሰልኝ ለማለት ዜናውን በጉጉት ይጠብቃል። እሱ ግን ሰው እንዳይመጣ ከለከለ፣ ቴሌቪዥኑን እንደተሸፈነ ተወው፣ ጀርባውን ሰጥቶት ተቀመጠ። ዜናው ከእንግዲህ ምንም አያደርግለትም። የጠበቀው አንድ ሰው ነበር። ለዚያ ሰው ዋሽቼሃለሁ ወይም ዋሽቼሻለሁ ሊል ነበር።»

ድምፁ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬን አልበደለም» አለች መርማሪዋ። «እሷ ቧንቧ ሲፈነዳም ትደሰታለች።» አከራይዋ አንገቷን ደፋች። «ጋሼም አላመኑትም፤ ያላመነ ሰው አይታለል፤ የማታውንም ዜና ትንፋሽ ሳይቀር ቆጥረው ነግረውኛል። የቀሩት ሁለት ናቸው። ለአንዱ እጮኛህ የሌላ ናት ተብሎ ተነግሮታል። ለአንዷ ልጅሽ በሕይወት አለ ተብሎ ተነግሯታል።»

«እኔ ሱቅ ነበርኩ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አዎ። ነዳጁንም ሰምተሃል፣ ሾፌሩንም ቆርጠሃል። ደግሞስ አንተን ውሸቴን ነው ቢልህ ምን ታጣለህ? ያን ቃል ለመስማት ስትመላለስ ነበር።» ወደ አልጋው ዞረች። ድምፅዋ አልተለወጠም። «እማማ፣ ማታ ዜናው በድልድዩ ጀመረ ብለውኛል። ማታ ድልድዩ ገና አልፈረሰም ነበር። የፈረሰው ዛሬ ሲነጋ ነው። ያቺ የምታነበው ልጅም ማታ አልነበረችም።»

ልብስ ሰፊዋ መርማሪዋን አየቻት። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ የገረማት ትመስላለች።

«ማታ አይደለም እንዴ የፈረሰው?»

«አይደለም።»

«ጠዋት ግቢው ውስጥ ድልድዩ ፈረሰ፣ እንዳለው ሆነ ሲሉ ሰማሁ። እሱ ማክሰኞ ማታ ብሎ ነበር። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ነው አልኩ።» እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። «እሱ ዋሽቶኝ አያውቅማ።»

«ትናንት ዋሽቼሻለሁ አላለዎትም?»

«አለኝ። ‹ልጅሽን አላየሁትም፤ የመጣሁትም ከሆስፒታል ነው፣ ከሌላ ከየትም አይደለም› አለኝ። አልቅሶ ነው የነገረኝ። ዝም በል አልኩት። ዝም አላለም። ‹ሞቶ ይሆናል፣ እርምሽን አውጪ› አለኝ። ያን ጊዜ ትራሱን አነሳሁ። ልገድለው አይደለም። ያን ቃል እንዲተው ነው። ሲተው ደግሞ... ሲተው ተወ።»

«ከዚያስ?»

«ትራሱን መለስኩለት፤ ጀርባውን ያመው ነበር። ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ቴሌቪዥኑን ልክፈተው ብዬ ነበር፤ ድልድዩ ባይኖርስ ብዬ ፈራሁ። ሳልከፍተው ወጣሁ።»

አከራይዋ አሁን አለቀሰች። ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ድምፁ ግን ከልብስ ሰፊዋ አጠገብ አልተነሳም፤ ዕድሜ ልኩን ያነበበበት ድምፅ ተሰብሮ «እኔ ነኝ ንገር ያልኩት» አለ። እሷም ትከሻውን መታ መታ አደረገችው፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው።

ፖሊሱ ገብቶ የልብስ ሰፊዋን ክንድ ሊይዝ ሲል መርማሪዋ በዓይኗ ከለከለችው። ራሷ ይዛት በደረጃው ወረዱ። ልብስ ሰፊዋ በዝግታ ነው የምትወርደው፤ በየደረጃው ሁለቱንም እግሯን ታሳርፋለች።

የመኪናው በር ሲከፈት ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። አንቺ ብልህ ነሽ። ድልድዩ ፈርሷል አይደል? በቀኑ ባይሆንም ፈርሷል። እንግዲያው ያ የልጄም ነገር... እውነት ይሆን?»

መርማሪዋ ዘወትር እንዲህ ላለው ጥያቄ የምትለው ነገር አላት፤ በየሬሳው ደጃፍ ስትለው የኖረችው ለስላሳ ነገር። አፏ ላይ መጣ፤ ዋጠችው።

«አላውቅም፣ እማማ» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ቃሉን ዝም ብላ አዳመጠችው። በአራት ዓመት ውስጥ ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ ይመጣል ብሏታል፤ አላውቅም ያላት ሰው ግን አልነበረም።

«እኔም» አለች። ጎንበስ ብላም መኪናው ውስጥ ገባች።