በባዶ እጅ የተጠቀጠቀ ሱፍ

ጣቢታ የኳየሩን መለማመጃ ክፍል ስትከፍት አዶናይ መሰላል ላይ ቆሞ ጣሪያው ውስጥ ሱፍ ይጠቀጥቅ ነበር። እጆቹ ላይ ወፍራም ጓንት፣ አፉ ላይ ማስክ አድርጓል። ያንን ስታይ ደሟ ፈላ።

ትናንት እሷና ሌሎቹ ሴት ዘማሪዎች ያንኑ ሱፍ ጣሪያውና ግድግዳው ውስጥ በባዶ እጃቸው ሲጠቀጥቁ ውለዋል። «ጥጥ በሉት፣ ምንም አያደርግም» ያላቸው እሱ ነው። ሱፉ ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራ፣ ድምፅና ሙቀት የሚያፍን ነው። የሆሳዕና ከተማ ዝናብ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲደበድበው መዝሙር መቅረጽ ስለማይቻል፣ አዶናይ አዲሎ ከተማ ውስጥ ከፈረሰ መጋዘን በአይሱዙ አስጭኖ አመጣው። ሁሉም እንደ ጀግና ነበር ያዩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው። ዛሬ የጣቢታ ክንድ በሽፍታ ቀልቷል፣ ዓይኗ ይቆረቁራታል፣ ጉሮሮዋ ተዘግቷል። ነገ በጉባኤው ፊት ብቻዋን የምትዘምረው ደግሞ እሷ ነበረች።

«ታውቅ ነበር» አለችው በሻከረ ድምፅ።

አዶናይ ከመሰላሉ ወረደ። መጀመሪያ ካደ። ቀጥሎ ሱፉን የሰጠው ሰውዬ ጓንትና ማስክ አድርጉ፣ ከዚያም በጨርቅ ሸፍኑት ብሎ እንደነገረው አመነ። ጨርቁ ገና አልተገኘም። እሱ ግን ክፍሉ ለዛሬው የቅዳሜ ልምምድ ይደርሳል ብሎ ለኳየሩ ኃላፊ ለጋሽ ጠና ቃል ገብቷል።

«አታካብጂ በቃ። ትንሽ ቢያሳክክሽ ነው። ከተናገርሽ ክፍሉን ይዘጉብናል።»

«ለራስህ ጓንት ማድረግ ግን አልረሳህም።»

በጥፊ ልትለው ቃጣት። ክፍሉን እሷም ዓመቱን ሙሉ ስትመኘው ነው የኖረችው፤ ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ነው።

ከውጭ የሕፃናት ዘማሪዎች ጫጫታ ተሰማ። ለልምምድ እየመጡ ነው፤ ከፊት የምትሮጠው ታናሽ እህቷ ማራኪ ናት። አዶናይ ብዙ እንደማይቆዩ፣ ግድግዳውን እንዳይነኩም እንደሚነግራቸው እየገለጸ፣ ዝም ብላ እንድታስገባቸው በሹክሹክታ ለመናት። ማራኪ ደግሞ አዲስ ነገር ሳትነካ የማታልፍ ልጅ ናት።

ጣቢታ እጅጌውን ይዛ ጎትታ አወጣችው። በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ኪሷ ከታ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

«ጣቢ፣ ለምን ዘጋሽው?» አለች ማራኪ እያለከለከች።

«ዛሬ ሜዳው ላይ ነው የምትዘምሩት።»

ጋሽ ጠና የመዝሙር መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው ከልጆቹ ኋላ ብቅ አሉ። አዶናይ ጓንቱን አውልቆ ከጀርባው ደበቀ። ጣቢታ ብድግ አለችና የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበችው።