የጥቅምት እሸት

በዚያ ዓመት ክረምቱ አልወጣም። ዝናቡ እስከ መስከረም መጨረሻ ወረደ። ግንባታ ቆመ፤ የቀን ሥራ ጠፋ። ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምሳ የማይበላበት ቤት በዛ። በጥቅምት የአምስት ዓመቱ ይትባረክ ሞተ።

እናቱ ሰናይ ሥራ ፍለጋ ስትወጣ ልጁን የምትጠብቅላት ጎረቤቷ ራህማ ነበረች። እሷ ቤት በልቶ በማግሥቱ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱ ቀላ፤ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። የሰናይ አባት አቶ መኩሪያ፣ ራህማ መርዛዋለች ብለው ከሰሱ። ሐኪሞች መርዝ አላገኘንም ቢሉም የሕንፃው ነዋሪ ቤቱን ለቃ እንድትወጣ አደመባት።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር እንቁ መጀመሪያ ወደ ራህማ ሄደች።

«ምን አበላሽው?»

«ባቄላ እሸት። ከልጄ ጋር ከአንድ ሳህን ነው የበሉት። ካቴና ካመጡ እጄ ይኸው። በገዛ እግሬ ግን ከዚህ አልወጣም፤ ከወጣሁ ገዳይ ነኝ ማለት ነው።»

የራህማ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ገመድ ትዘላለች። እንቁ ቆማ አየቻት።

ቀጥላ ሰናይን ስለ ዘመዶቿ ጠየቀቻት። ሰናይ የእናቷ ልጅ የሆነ ታላቅ ወንድሟም በሕፃንነቱ መሞቱን ነገረቻት። እናታቸው ቀድማ ሞታ ስለነበር ሞቱ በእንጀራ እናታቸው በማሚቱ ተላከከ፤ አባቷም ማሚቱን ከቤት አባረሯቸው። እንቁ ሳሊተ ምሕረት ሄዳ ማሚቱን አገኘቻቸው። አርጅተዋል፤ አንገታቸውን ግን አልደፉም።

«ያኔ ቡልቡላ ማሳ ነበር» አሉ። «ልጁ ባቄላ እሸት እየለቀመ ሲበላ ውሎ ገባ። በማግሥቱ ሽንቱ ደም መሰለ። ገዳይ አሉኝ። ይቅርታ በይ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ላላጠፋሁት?»

እሑድ እንቁ ራህማን፣ አቶ መኩሪያንና ያደሙትን ጎረቤቶች ሰናይ ቤት ሰበሰበች።

«እሸቱ ተመርዞ ቢሆን የራህማ ልጅም ትታመም ነበር» አለች። «ልዩነቱ ሳህኑ ውስጥ አይደለም፤ ልጆቹ ውስጥ ነው። የሰናይ ወንድምም ልክ እንዲሁ ሞተ። ሰናይ ግን ባቄላ ትበላለች፤ ምንም አትሆንም። አቶ መኩሪያ፣ ሟች ባለቤትዎ፣ የሰናይ እናት፣ ወንድም ነበራቸው?»

«ነበራት። በልጅነቱ ቡዳ በላው አሉ።»

«በምን ወቅት?»

«በእሸት» አሉ ሽማግሌው።

እንቁ የደም ሐኪም አማክራለች። ለአንዳንድ ሰው ደም ባቄላ መርዝ ነው፤ ከእናት ይወርሱታል፤ ሴቶቹን ብዙ ጊዜ አልፎ ወንዶቹን ይጥላል። ሐኪም ቤት ከይትባረክ ተወስዶ የተቀመጠው ደም ሲመረመርም ይኸው ተገኘ።

«ገዳይ የለም» አለች። «ትናንትም አልነበረም።»

ጎረቤቶቹ መሬት መሬት አዩ። ሰናይ ራህማ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ራህማ ክንዷን ይዛ አቆመቻት።

«እንግዲህ ወደ ቤቴ ልሂድ» አለች፤ «ቤቴ» የምትለዋን ረገጥ አድርጋ።

በማግሥቱ አቶ መኩሪያ ድንጋይ ተሸክመው ማሚቱ ደጅ ቆሙ።

«በድዬሻለሁ» አሉ።

«እንደቆምክ ቆይ» አሉ ማሚቱ።

ሰፈርተኛው ሁሉ ወጥቶ እስኪያይ አቆሟቸው። ከዚያ ድንጋዩን ከአንገታቸው አወረዱላቸው።