ከሳሎን እስከ ኩሽና

«ለእናትሽ ንገሪያት! ይሄ አተካና ቅቤ የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈም!»

አቶ ሲላስ ይህን ሲሉ የሳሎኑ መስኮት ተንቀጠቀጠ። የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ድምፃቸው የኋላ ወንበር ላይ የተኛ ተማሪ መቀስቀስ ብቻ አይደለም፣ ሆሳዕና ከተማ ላይ ቢያስነጥሱ ጃጁራ ገበያ የቆመ በግ ይደነብራል። ልጃቸው ሰሎሜ በቡላና በቅቤ የሚሠራውን አተካና ከነሳህኑ ይዛ ግቢውን እንደ ጥይት አቋረጠችና ኩሽና ገባች።

«እማዬ፣ አባዬ ‹እንዲህ ያለ አተካና ከተወለድኩ አልቀመስኩም› ይላል።»

እናቷ ሲስተር ገነቴ ቡላውን ማማሰላቸውን አቆሙ። «እውነት? ቅቤው አንሷል ብዬ ነበር እኮ። ለማንኛውም ለአባትሽ ንገሪው፤ ሌላ ካማረው እግር አለው፣ መጥቶ ይውሰድ።»

ሰሎሜ ተመልሳ በረረች። «አባዬ፣ እማዬ ‹ለልብህ ብዬ ነው ቅቤ የቀነስኩት› ትላለች።»

«ለልቤ?» አቶ ሲላስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሳህኑን አፅድተው በሉ።

ይኸውላችሁ! በሆሳዕና ከተማ፣ ምናልባትም በመላው የአፍሪካ ቀንድ፣ እንደ አሥራ አራት ዓመቷ ሰሎሜ ያለ መልእክተኛ አልተፈጠረም። አባትና እናቷ ፊት ለፊት መነጋገር ካቆሙ ክረምቱ አልፎ በጋ ገብቷል። አባቷ ሲናደዱ በሀዲይኛ ያጉረመርማሉ፤ የዱራሜዋ እናቷ በከምባትኛ ያጉተመትማሉ፤ በመካከል ሰሎሜ በአማርኛ ላይ ስኳር እየነሰነሰች ትመላለሳለች። ሽማግሌዎች ገብተውበት ነበር። ጥፋተኛውን ለዩ፣ አስታረቁ፣ መረቁ። እርቁ ግን የቀረበላቸው ማዕድ እስኪነሳ እንኳ አልቆየም።

«አንቺ እኮ አምባሳደር ነሽ» አለቻት ጓደኛዋ ኢክራም በእረፍት ሰዓት፣ ሰሎሜ የአተካናውን ገድል ስትተርክላት።

«አምባሳደር ብቻ? እኔ ባልኖር ያ ቤት ድሮ ፈርሶ ነበር!»

«አትፎግሪ ባክሽ። ቆይ፣ አንድ ቀን ሁለቱ ቢነጋገሩስ? ሼም በሼም ነው የምትሆኚው።»

«ሁለቱ?» ሰሎሜ ከት ብላ ሳቀች። «ከዚያ በፊት ዝሆን ባጃጅ ይነዳል!»

ሳቋ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ባለፈው ሳምንት አንድ መልእክት አምልጧታል። እናቷ ወደ ዱራሜ ጤና ጣቢያ ለመዛወር ጠይቀው ነበርና ተፈቀደላቸው። «ለአባትሽ ንገሪው፤ ዝውውሩ ተፈቅዷል፣ ምን ትላለህ በይው» አሏት። አባቷ ደግሞ እናቷ ዝውውር መጠየቃቸውን ቀድመው ከሰው ሰምተው ኖሮ «ትሂድ! እዚያው ትኑር!» ብለው ጮኹ። ይህን እንዴት አድርጋ ታድርሰው? ግቢው መሃል ቆም ብላ አሰበችና፣ «እማዬ፣ አባዬ ‹ኮርቼባታለሁ፣ ከፈለገች ትሂድ› ብሏል» አለች። እናቷ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ይራራና ይቀራሉ ብላ ነበር። እሳቸው ግን ከቁም ሣጥኑ ላይ ሻንጣ አወረዱ።

ትልቁን ሻንጣ።

ከዚያ ነው የቤተሰብ አማካሪው ነገር የመጣው። «ከመሄዴ በፊት» አሉ እናቷ፣ «አንቺ ከማን ጋር እንደምትኖሪ አማካሪ ዘንድ ተነጋግረን እንወስናለን።» ሰሎሜ ይህን አንድ ቃል ሳትጨምር ለአባቷ አደረሰች። ስኳሩ አልቆባት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ሲላስ የሰርጋቸውን ሱፍ ለብሰው ወጡ። ሱፉ ከሰርጉ ወዲህ አልሰፋም፣ እሳቸው ግን ሰፍተዋል፤ ቁልፉ ተበጥሶ ቢስፈነጠር እስከ ቦኖሻ ከተማ ደርሶ ሰው ያቆስላል። የአማካሪዋ ቢሮ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አማካሪዋ ወይዘሮ ሶስና በፈገግታ ተቀበሏቸው። አቶ ሲላስ ግን አልተቀመጡም፤ ሽማግሌ ፊት እንደቀረበ ሰው ኮታቸውን አስተካክለው «በመጀመሪያ ክሴን ላሰማ» አሉ።

«እዚህ ክስ የለም፣ ጋሼ ሲላስ። እኔ ዳኛም ሽማግሌም አይደለሁም።»

«ታዲያ ጥፋተኛው በምን ሊታወቅ ነው?»

«ላይታወቅ ይችላል።»

አቶ ሲላስ ስበት የለም እንደተባለ የፊዚክስ መምህር ደንግጠው ተቀመጡ። ሰሎሜ እንደ ልማዷ መሃል ገብታ ነበር። ወይዘሮ ሶስና አዩዋትና «ሰሎሜ፣ አንቺ ነይ እኔ አጠገብ» አሏት። የመሃሉ ወንበር ባዶ ቀረ። በእናትና አባቷ መካከል የኦሞ ሸለቆ የተከፈተ መሰላት።

«ሕጉ ቀላል ነው» አሉ ወይዘሮ ሶስና። «አንዱ ይናገራል። ሌላው መልስ ከመስጠቱ በፊት የሰማውን ይደግማል። የሰማውን ብቻ።»

አቶ ሲላስ ጀመሩ። «ገነቴ ለእኔ ትንፍሽ ሳትል ዝውውር ጠየቀች። ተፈቀደላት። ደስ ብሏት ሻንጣዋን እያሰናዳች ነው።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው?» እናቷ መድገሙን ረሱት። «አንተ ራስህ ‹ኮርቼባታለሁ፣ ትሂድ› ብለህ ልከህብኝ የለም? አንድ ጊዜ እንኳ ‹አትሂጂ› ሳትል!»

«እኔ? ኮርቼባታለሁ? መቼ ነው ያልኩት?»

ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው አንገታቸውን ወደ ሰሎሜ አዞሩ።

የሰሎሜ ምላስ ጫፍ ላይ አንድ ያማረ ውሸት ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ «እማዬ፣ ኩሽናው ጭስ ስለነበር በደንብ አልሰማሽኝም»። በሥራ ዘመኗ ካሰናዳቻቸው ሁሉ የተዋጣለት ነበር። ከዚያ ትልቁ ሻንጣ ታያት።

«እኔ ነኝ የቀየርኩት» አለች። «አባዬ ያለው ‹ትሂድ፣ እዚያው ትኑር› ነው። ሌላም ብዙ ቀይሬያለሁ። የአተካናውንም።»

«የአተካናውንም?» አሉ አቶ ሲላስና ሲስተር ገነቴ በአንድ ድምፅ። ከስንት ጊዜ በኋላ አብረው የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነበር።

ሰሎሜ ቁጣ ጠበቀች። ወይዘሮ ሶስና ግን ወደ እሷ አልዞሩም። «ይሄን ሥራ የሰጣት ማን ነው?» ብለው ሁለቱን ጠየቁ። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

«እንግዲህ ጋሼ ሲላስ፣ መልእክትዎን ራስዎ ያድርሱ።»

ሰሎሜ ጣልቃ ላለመግባት ወንበሯን በሁለት እጇ ጨበጠች። አባቷ ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለ፤ ያን ያህል ትንሽ ነበር።

«ትሂድ ብያለሁ። ዝውውሩን ከሰው ስሰማ... ከእኔ የሸሸሽ መሰለኝ።»

እናቷ በዝግታ ደገሙት። «የሸሸሁህ መስሎህ ነው ‹ትሂድ› ያልከው።»

«አዎ።»

«አንተን ሸሽቼ አይደለም። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው፣ ዱራሜ ብቻዋን ናት። ልነግርህ ብዙ ጊዜ ሳሎን ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ስትጮህ እፈራለሁ፣ ሲላስ።»

መጽሐፍ ሳይገልጡ የፊዚክስ ቀመር የሚያዘንቡት መምህር ይህችን መድገም አቃታቸው። «ስጮህ...» አሉ። ላባቸውን ጠረጉ። «ስጮህ... ትፈሪያለሽ።»

ሰሎሜ አፏን ከፍታ ቀረች። እሷ ብታደርሰው ኖሮ ማር፣ አበባ፣ ምናልባትም አንድ ሁለት ስንኝ ትጨምርበት ነበር። ይሄ ምንም የለበትም። የእናቷ ትከሻ ግን ሲወርድ አየችው።

የዱራሜው ጉዳይ ያን ቀን አልተቆረጠም። ሲስተር ገነቴ ለዝውውሩ መልስ ለመስጠት ከመሥሪያ ቤታቸው ጊዜ ሊጠይቁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም ሦስቱም ሊመለሱ ተስማሙ። ባጃጅ ሲይዙ ሰሎሜ ዘልላ ጥጉን ያዘች፤ አባትና እናቷ የግዳቸውን ጎን ለጎን ተጣበቁ። ስልኳን አውጥታ ለኢክራም ጻፈች፦ «ዝሆኑ ባጃጅ እየነዳ ነው!!!»

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ሰሎሜ በረንዳው ላይ ሒሳብ ልትሠራ ወንበር አውጥታ እንደተቀመጠች የሳሎኑ መስኮት ተንቀጠቀጠ።

«ሰሎሜ! ለእናትሽ ንገሪያት...»

እግሮቿ ሳታዛቸው ተነሱ። ምን ሊሉ እንደሆነ ገና ሳትሰማ አምስት የሚያማምሩ ቃላት ተሰልፈውላታል። ግቢው ባዶ ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ ታቋርጠዋለች።

ተመልሳ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እማዬ ኩሽና ናት።»

«ኩሽና መሆኗንማ አውቃለሁ!»

«እሺ።»

ከሳሎኑ ነጠላ ጫማ ሲፈለግ ተሰማ። አቶ ሲላስ ወጡ፣ ልጃቸውን በጎን አዩዋት፣ ግቢውን አቋርጠው ኩሽናው በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የሆነ ነገር ተናገሩ። ያ የጃጁራን በግ የሚያስደነብር ድምፅ በረንዳው ድረስ እንኳ አልደረሰም።

የሰሎሜ ጆሮ ቆመ። ትንሽ ጠጋ ብትል ሁሉንም ትሰማለች።

ወንበሯን አዞረች፤ ጀርባዋን ለኩሽናው ሰጥታ ደብተሯን ገለጠች።