ሰባት ወረቀቶች

በሩ ሲንኳኳ መርፌ ስድስት ወረቀት ነቅላ ነበር። ሰባተኛውን፣ «ሽንት ቤት» የሚለውን፣ ከነፕላስተሩ ቦጨቀችና ከስድስቱ ጋር የሂሳብ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

መርፌ የሚለውን ስም ያወጣችላት እናቷ ናት። እናትየዋ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ልጅቷ ደግሞ ቀጭን፣ ምላሷም የሚወጋ። አሁን ካወጣችላት ሰው በቀር ሁሉም በዚህ ስም ይጠራታል።

ወረቀቶቹን የጻፈችው ራሷ መርፌ ናት። የእናቷ ሕመም የመርሳት በሽታ መሆኑ የታወቀ ዕለት ነርሷ፣ «ቤቱን አቅልሉላት፤ ዕቃ ሲበዛባት ነው የምትደናገረው» ብላ ነበር። መርፌንና ታላቅ ወንድሟን ሦስት ቅዳሜ ፈጀባቸው። ከዐሥራ አንድ ኩባያ ሰማያዊው ብቻ ቀረ። ከቁም ሳጥኑ ሁለት ቀሚስ፣ ከአዝራር ቆርቆሮዎቹ አንዱ። በየበሩና በየመሳቢያው በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ። እናቷ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፣ ትገባለች፣ ትወጣለች። ዘዴው ሰምሮ ነበር።

ግን ዛሬ የክፍል ጓደኛዋ ለፈተና ልታጠና መጣች። ቤቱን አይታ ምን ትል ይሆን? የሕፃናት መማሪያ ክፍል ነው የሚመስለው።

«እንዴ! ቤታችሁ እንዴት ፏ ብሏል!» አለች ጓደኛዋ እንደገባች። «የኛን ብታዪው፣ ባለቤቱ ዕቃው ነው፤ እኛ ደባል ነን።»

ሳቁ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ እናቷ ከመኝታ ቤት ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ባዶውን በር በጣቷ ዳበሰች። ቀጥሎ ያለውንም ዳበሰች። ተመልሳ የመጀመሪያውን።

«ማናቸው?» አለች ጓደኛዋ በሹክሹክታ።

«ተከራይ ናቸው።»

ከአፏ አመለጠ። ካመለጠ ወዲያ ደግሞ እንደ ተከራይ ማናገር የግድ ሆነ። ተነሥታ፣ «ምን ፈልገው ነው፣ እትዬ? ይምጡ፣ በዚህ በኩል ነው» አለች።

እናቷ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤቱ አዲስ ሆኖብኝ ነው። አላስቸግርዎትም።»

ከቀሚሷ ሥር ወለሉ ላይ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ።

መርፌ ክንዷን ይዛ አስገባቻት፤ አጠበቻት፤ ሁለተኛውን ቀሚስ አለበሰቻት። እጅጌውን ባስገባችላት ቁጥር እናቷ፣ «በኔ ምክንያት ደከሙ» ትላለች። እርስዎ! ስሟ የጠፋባት ቀን እንኳ «አንቺ ልጅ» ነበር የምትላት። መርፌ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ነደደ። በር ያሳጣቻትም፣ ልጅ ያሳጣቻትም እሷው ናት።

ስትመለስ ወለሉ ተወልውሏል። ጠረጴዛው ላይ ሰባቱም ወረቀቶች ተደርድረዋል፤ «ሽንት ቤት» ከላይ። ጓደኛዋ እርሳሷን ትቀርጻለች፤ እርሳሱ ግን የተቀረጸ ነበር።

«ቀመሩን ስፈልግ ከደብተርሽ ወደቁ» አለች ቀና ሳትል።

ተከራይዋ ዓይናቸው ይደክማል፣ ለሳቸው ነው። ውሸቱ ተሰናድቶ ምላሷ ጫፍ ላይ ቆሟል። መርፌ ዋጠችው። ከመሳቢያው ፕላስተርና መቀስ አወጣች።

«እየቆረጥሽ አቀብዪኝ» አለች። «ከሽንት ቤቱ እንጀምር።»

ለጠፉት። መርፌ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ሁለቴ ጫን አደረገችው። ከዚያ የመኝታ ቤቱን በር ወለል አድርጋ ከፈተች፤ ድምጿንም አልቀነሰችም።

«እማዬ! ነይ፣ ጓደኛዬን ላስተዋውቅሽ!»

ከውስጥ አልጋው ሲጢጥ አለ።

«ምን ያስጮህሻል?» አለች እናቷ። «ደንቆሮ አደረግሽኝ እንዴ?»

መርፌ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ለሚቀጥለው ፕላስተር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።