አታጥፊብኝ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሞተው ተገኙ። እግራቸው ሥር የመተንፈሻ ማሽናቸው ገመድ ከሶኬቱ ተነቅሎ ወድቋል። ፊታቸው ያለው ላፕቶፕ ግን እንደበራ ነው፤ «ዝመና በመካሄድ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩን አያጥፉ» የሚለው የአፕዴት ጽሑፍ ከጠዋት ጀምሮ ፈቀቅ አላለም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል። አትሮጥም፤ ሳትደርስ ግን አትቀርም።

የሟች ታናሽ ወንድም ገና ከበሩ በወንድሙ ሚስት ላይ ጣቱን ቀሰረባቸው። ዕድሜ ልኩን «እትዬ» ሲላቸው የኖረ ሰው ነው።

«ነፍስ ያጠፋችው እሷ ናት! ተከራዩም ሰምቷል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፖሊሱ ካቴናውን አዘጋጀ።

የጎን ክፍሉ ተከራይ የሰማውን እየፈራ ተናገረ። ሽማግሌው ጠዋት ሚስታቸውን «አታጥፊብኝ» እያሉ ሲለምኑ ነበር። ከዚያ የውጭው በር ተዘጋ። ቆየት ብሎ ማሽኑ ጮኸ፣ ወዲያውም ዝም አለ።

«ዝም ሲል ደህና የሆኑ መስሎኝ ተቀመጥኩ» አለ።

ሚስትየዋ ሳያለቅሱ የሆነውን ተናገሩ። ላፕቶፑ የሞተችው ልጃቸው ንብረት ነበር፤ ድምጿ የቀረው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ተቸክሎ ስለቀረ ላጥፋው ቢሉ ባላቸው እንቢ አሉ። ባትሪው እየደከመ ስለነበር የኮምፒውተር ጠጋኝ ሊጠሩ ሮጡ፤ ሬሳውንም ያገኙት ከጠጋኙ ጋር ተመልሰው ነው።

መርማሪዋ ተንበርክካ ሶኬቱን አየች። በጅምር የቀረውን ኮት፣ በመጨረሻም የሟቹን እጅ አየች። ከዚያ ቤት ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ሰበሰበቻቸው።

«አታጥፊብኝ ያሉት ስለ ነፍሳቸው አይደለም፤ ስለ ላፕቶፑ ነው። ማሽኑ የጮኸው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ሚስታቸው ያኔ ወጥተዋል። ዝም ያሰኘው ማነው?»

ወደ ሶኬቱ ጠቆመች።

«የዚህ ክፍል የሚሠራ ሶኬት አንድ ነው፤ ማሽኑ ይዞት ነበር። አሁን ግን የተሰካው ላፕቶፑ ነው። በገመዱም፣ በማሽኑ ማስጠንቀቂያ ቁልፍም ላይ የልብስ ሰፊ ሰማያዊ ጠመኔ አለ። የሟቹንም አውራ ጣት ተመልከቱ። ራሳቸው ነቀሉ፤ ሲጮህም ራሳቸው ዝም አሰኙት። ሚስታቸው እስኪመለሱ ያለ ማሽኑ መቆየት የሚችሉ መስሏቸው ነበር። ልጃቸውን ዳግመኛ ላለመቅበር ነው።»

ወንድምየው መሬት ላይ ተቀመጠ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እሳቸው አልሰሙትም። ወደ ጠጋኙ ዞረው፣ «ባጠፋው ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» አሉት።

ጠጋኙ አንገቱን ደፋ። «ምንም። እንዲህ ሲቸከል ቁልፉን ተጭኖ አጥፍቶ ማስነሳት ነው። የተቀዳ ድምፅ አይነካም።»

አሮጊቷ ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑት። ስክሪኑ ጨለመ፤ መልሶ በራ። ባላቸው ዘወትር የሚሰሙትን ቅጂ ከፈቱ። በመቀስ ድምፅ መሃል ልጅቷ ሳቀች።

«በቃ አባዬ፣ ተቀድቷል እኮ። አሁን አጥፋው።»