የሟቹ ማዳመጫ

ክሪክ ሞቶ የተገኘው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ነው። በጦር መርከቧ የሶናር ክፍል፣ ወደ ባሕር ውስጥ ድምፅ ተልኮ ምላሹ በሚደመጥበት ቦታ፣ በደረቱ ተደፍቷል። መርከቧ ደሪ ወደብ ስትደርስ መርማሪው ፔንሮዝ ተጠርቶ ሲገባ መጀመሪያ ያየው አናቱን ነው። አናቱ ተፈንክቷል፤ አናቱ ላይ ያረፈው የማዳመጫው ብረት ግን ጭረት እንኳ የለበትም።

«ክሪክ ወድቆ የሞተ መስሎኝ ነበር» አለ ካፒቴን ሪድሊ። «ሐኪሙ ግን በመዶሻ ነው አለ። እንግዲያው ገዳዩ ይኸው!»

የጠቆመው በካቴና የታሰረውን ማጓየርን፣ የሟቹን የሥራ ባልደረባ ነው። ወንጀሉ ከጸናበት ይሰቀላል።

«ተጣልታችኋል?» አለው ፔንሮዝ።

«አዎ ጌታዬ። ዝም በል ብዬው ነው! ትናንት የላክነው ድምፅ ተመልሶ ሲመጣ እየቀጠነ ነበር። ሰርጓጅ መርከብ ወደኛ እየመጣ ነው ማለት ነው። ካፒቴኑ ዓሣ ነባሪ ነው አሉ። የምናጅባት የነዳጅ መርከብ በሰርጓጁ ተመትታ ከነሰዎቿ ነደደች። ክሪክ ይህን ለአለቆች እናገራለሁ አለ።»

ፔንሮዝ ወደ ካፒቴኑ ዞረ። «መቼ ሞተ?»

«የነዳጅ መርከቧ ከነደደች በኋላ፣ ሰርጓጁን ለመምታት ባሕር ውስጥ የሚፈነዳ የጥልቀት ቦምብ ስንጥል። በፍንዳታው መሃል ጩኸቱን ማን ይሰማል?»

ምክትሉ ስትራንግም ተጠራ። እሱ ያን ጊዜ ከመርከበኞቹ ጋር ከኋላ ሆኖ ቦምብ ሲጥል ነበር፤ ሁሉም አይተውታል።

ፔንሮዝ የደነቆረ ቀኝ ጆሮውን ነካ። «እኔም የሶናር ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን ቦምብ ሲፈነዳ ማዳመጫዬን ሳላወልቅ ቀረሁና ይህን አተረፍኩ። ማጓየር፣ ቦምብ ሲጣል ምን ታደርጋላችሁ?»

«አውልቀን አንገታችን ላይ ነዋ! ያበደ ሰው ካልሆነ!»

«ስለዚህ ክሪክ ሲመታ ማዳመጫው ጆሮው ላይ አልነበረም። ብረቱ ያልተነካው ለዚህ ነው። ሥራ ላይ ወድቆ የሞተ እንዲመስል በኋላ ያጠለቀለት ሰው አለ። ማጓየር ቢሆን አንገቱ ላይ ይተወው ነበር። ስትራንግና መርከበኞቹ ከኋላ ነበሩ። ከዚህ አጠገብ ባለው ማዘዣ ክፍል የነበረ፣ ማዳመጫ አጥልቆ የማያውቅ፣ የክሪክ አፍ የሚያስፈራው አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው። ካፒቴን ሪድሊ።»

ካፒቴኑ ፊቱ ደም መሰለ። «ለአንዲት ስህተት የሃያ ዓመት ስሜ ይጥፋ?»

«ክሪክ ግን ስህተት አልሠራም ነበር» አለ ፔንሮዝ።

ካቴናው ከማጓየር እጅ ወጥቶ ካፒቴኑ እጅ ገባ። ማጓየር የእጁን አንጓ እያሻሸ ሲስቅ ስትራንግ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማጓየር፣ አመሻሽ ላይ ሌሎች መርከቦች አጅበን እንወጣለን። ካንተ ሌላ የሶናር ሰው የለኝም።»

የማጓየር ሳቅ ቀጥ አለ። ፔንሮዝን አየው።

«ከስቅላት ገመድ ያወጡኝ ለዚህ ነው ጌታዬ?»

ማጓየር ማዳመጫውን ከክሪክ ራስ ላይ ቀስ ብሎ አወለቀ፤ ደሙን በእጅጌው ጠርጎም ጆሮው ላይ አደረገው።