በተዘጋው ክፍል ያለው ኮምፒውተር

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም... ግን ሆኗል። እኔው ነበርኩበት።

ባለፈው የካቲት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ አራት ሰዓት በመኪና የሚያስኬድ በረሃ ውስጥ ባለች ትንሽ ክሊኒክ።

እኔ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። የክሊኒኩ ኔትወርክ ሄድ መጣ ማለት ከጀመረ ሦስት ወር ሆኖታል። የሕሙማኑ መዝገብ ሁሉ ያለበት ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ውስጥ ለመግባት የይለፍ ቃል አስገብቶ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው።

«አንተ ስትመጣማ ይሠራል» አለችኝ ነርሷ ኮራሊ። «መኪናህ ከመንደሩ ሳይወጣ ደግሞ ይጠፋል። ወዶሃል መሰለኝ!»

ሳቅኩ። ያን ቀን ግን እኔ እያለሁም ጠፋ።

ገመዱን አየሁ... ደህና ነው።

ገመዶቹን የሚያገናኘውን ስዊች ቀየርኩ... ያው ነው።

በመጨረሻ ደረስኩበት። ሌላ ኮምፒውተር የሰርቨሩን አድራሻ ይዟል። ሰርቨሩ ሲጠራ አንዳንዴ «አቤት» የሚለው እሱ ነው።

ያለውም ኮሪደሩ ጫፍ ላይ... በተዘጋው ክፍል ውስጥ።

ክፍሉ በኅዳር የሞተችው ነርስ ክፍል ነው። እኛ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ዘንድ የሞተ ሰው ስም አይጠራም። ክፍሏም ቤተሰቦቿ መጥተው በቅጠል ጭስ እስኪያጸዱት አይከፈትም። ኮምፒውተሩ ሰርቨሩ ላይ የተመዘገበው በስሟ ስለሆነ፣ ስሟን ጽፎ ሊሰርዘው የደፈረ ሰው የለም።

«ኮራሊ... ኮምፒውተሯ በርቷል እንዴ?»

ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ከሶኬቱ የነቀልኩት እኔ ራሴ ነኝ። ተወው።»

በዚህ መሃል ሁላችንም አክስቴ የምንላቸው አሮጊቷ ማቪስ የልጅ ልጃቸውን ዛቪየርን ታቅፈው ገቡ። ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል።

«አምና አንድ መርፌ ሊገድለው ነበር» አሉ።

«የትኛው ነው አክስቴ?»

«እኔ ምኑን አውቄው! እናንተ ጽፋችሁት የለም እንዴ?»

ተጽፏል። ሰርቨሩ ውስጥ።

ኮራሊ የይለፍ ቃሏን አስገባች። ስክሪኑ ላይ የመጠበቂያው ክብ ይሽከረከራል... ይሽከረከራል...

የልጁ ዓይኖች መገልበጥ ጀመሩ።

«ከዚህ በላይ ብጠብቅ ይሞትብኛል» ብላ መርፌ ሞላች።

ጨነቀኝ። ወደ ሰርቨሩ ዞሬ የሟቿን ኮምፒውተር መሰረዝ ጀመርኩ። ለማረጋገጥ ስሟን ጻፍ አለኝ።

ጻፍኩት። ሳላውቀው በሹክሹክታም አልኩት።

«ምን አደረግክ?» አለች ኮራሊ። ፊቷ ተለዋወጠ።

ወዲያው የልጁ መዝገብ ስክሪኑ ላይ ተከፈተ። ከላይ አንዲት መስመር አለች።

«በእጅሽ የያዝሽውን አትውጊው።»

መርፌው ከእጇ ወደቀ። ከሥሩ የአምናው ጽሑፍ ነበር። ልጁን ሊገድለው የነበረው ያው መድኃኒት ነው። ሌላ ሰጠችው።

መስመሯ የተጻፈችበትን ሰዓት አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ... ገና አሁን። የተጻፈችውም ከሰረዝኩት ከሟቿ ኮምፒውተር ነው።

ወደ ክፍሉ ሮጥኩ። በሩ እንደተቆለፈ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ቆይቼ ስመለስ ዛቪየር ትኩሳቱ በርዶለት አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አያቱ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ልጁ ቀና ብሎ አየ። እኔን አይደለም... ከኋላዬ።

ከዚያ ፈገግ አለና ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀ።